ግብና አካሄድ

ሰው አንድ የኳስ ጨዋታ አይቶ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ውጤቱን ረስቶ የአንዱን ተጫዋች አሯሯጥ ብቻ የሚያስታውሰው ስለ ምንድን ነው? ማስታወሱስ ደግ ነው ወይስ ከንቱ? ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ የታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ብዙ ሰው ዘወትር የሚከራከርበት ነገር ትንሽ ቢመስልም ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው።

ክርክሩን የምሰማው በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም በሊሙ ገነትም ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና በሚፈላበት ደጃፍ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ቀድሞ ኳስ ተጫዋቾች ይጫወታሉ። የሚገርመኝ ቍጥር ከቶ አለመውደዳቸው ነው። ያ ተጫዋች ስንት ግብ እንዳገባ ቢጠየቁ አንዱ ሦስት፣ ሌላው አምስት ይላል፤ ተሳስተሃል ብሎ የሚቆጣም የለም። ነገር ግን «ኳሷን ይዞ ሲዞር ትከሻው እንዴት ነበር?» የተባለ እንደ ሆነ የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ከተቀመጠበት ይነሣል። ሲኒውን ኳስ፣ በርጩማውን ተከላካይ አድርጎ፣ ጉልበቱ እያመመው ያሳያል። ሌሎቹም «የለም፣ የለም፣ ቀኝ ትከሻውን ነው ያስቀደመው» ብለው ያርሙታል። በቍጥር ያልተጣሉ ሰዎች በትከሻ ይጣላሉ። ወጣቶቹም በአጠገባቸው ቆመው ይሥቃሉ። «አባባ፣ ትከሻ ዋንጫ ያመጣል እንዴ?» ይላሉ።

በነገራችን ላይ፣ ሩጫን ማስታወስ በጅማ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። የጅማ ነገሥታት የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የገዙትን ንጉሥ ሕዝቡ እስከ ዛሬ አባ ጅፋር እያለ ይጠራቸዋል፤ ይኸውም የጅፋር ባለቤት ማለት ነው፤ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሞ ይታያል፤ የተወለዱበትን ስም ግን ጠይቃችሁ የሚነግራችሁ ሰው ለማግኘት ትደክማላችሁ። የከተማይቱም የኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ሲባል፣ በንጉሡ በኩል የፈረስ ስም ተሸክሞ ይሮጣል ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ አዘውትረው የሚያነሡት መንግሥቱ ወርቁን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን የተባበረው ዓረብ ሪፑብሊክ ከምትባለው ከግብጽ ጋር ተጋጥማ 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብጾች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ የእኛ ልጆች ሁለት ጊዜ ደረሱባቸው፤ ነገሩም በተጨማሪው ሰዓት አለቀ። መንግሥቱ ሁለት አገባ፤ ግርማ ተክሌ አንድ፤ ኢታሎ ቫሳሎ አንድ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የኢታሎ ወንድም ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ያን ጊዜ በአገራችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ወሩም ጥር ነው፤ የቡናው ለቀማ አልፎ ጀንፈሉ የሚደርቅበት፣ ገበሬውም ነጋዴውም ከጆንያውና ከሚዛኑ የማይለይበት ወራት። ስለዚህ ዛሬ በአጋሮ ደጃፍ ስለዚያ ጨዋታ ከሚያወሩት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ጨዋታውን በዓይናቸው አላዩትም። ታዲያ የመንግሥቱን ትከሻ ማን አሳያቸው?

ይህን ነገር አንድ ቀን በአጋሮ አንድ የታወቁ አዛውንት ጠየቅኋቸው።

«ሐጂ፣ እርስዎ ያን ቀን አዲስ አበባ ነበሩ?»

«አልነበርሁም። ወንድሜ ነበረ፤ ቡና አድርሶ ሊመለስ ሲል ጨዋታውን አየ።»

«እንዲያ ከሆነ የመንግሥቱን አዟዟር እንዴት ዐወቁት?»

«ወንድሜ ተመልሶ መጥቶ እዚህ ደጃፍ ላይ ሦስት ወር ሙሉ ሲሮጥልን ከረመ። መንግሥቱን አላየሁም፤ ወንድሜን ግን አይቻለሁ» አሉኝ።

ይህ መልስ ብዙ አሳሰበኝ። የጨዋታው ውጤት በአንድ ቃል ይነገራል፤ 4 ለ 2 ብሎ በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ ሰሚውም ሰምቶ ሥራውን ይቀጥላል። አካሄድን ለመናገር ግን መነሣት፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ ራስን ለሣቅ መስጠት ያስፈልጋል። የሐጂ ወንድም ምናልባት ወፍራም ሰው ነበሩ፤ ምናልባት ሲዞሩ ይደናቀፉ ነበር። ሆኖም ያዩት ነገር በልባቸው ውስጥ እንዲሁ ሊቀመጥላቸው አልቻለም።

አንዳንድ ሰው «እንዲህ ያለው ትዝታ እየተጨመረበት የሚሄድ ነውና ውሸት ነው» ይል ይሆናል። መጨመሩን እኔም አልክድም። ኳሷ ከእግሩ ሳትለይ ሜዳውን ሁሉ አቋረጠ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በማንም እግር አልተደረገም። ነገር ግን ሰው በፍርድ ቤት ሲመሰክርና የተደረገለትን መልካም ነገር ሲያመሰግን አነጋገሩ አንድ አይደለም። እናቱ በችግር ጊዜ ያበላችውን እንጀራ የሚያስታውስ ልጅ የእንጀራውን ስፋት ትንሽ ቢያበዛ በሐሰት የሚከሰው ማን ነው? ሽማግሌዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ዋንጫው የአሸናፊው ነበረ፤ ተሰጥቶት ወስዶታል። ያ የሚያምር አሯሯጥ ግን ለተመልካቹ የተሰጠ ነው፤ ወደ ቤቱ ይዞት የሄደውም እርሱን ነው። ስለዚህ ውጤቱን ለመዝገብ ትተው አካሄዱን ሲያወሩ ያላቸውን ዕዳ ይከፍላሉ እላለሁ።

ይህ እውነት ከሆነ ግን አንድ መፈተኛ ይኖረዋል፤ የተሰጠን ነገር ከባላጋራ እጅ ሲመጣስ እንቀበለዋለን ወይ? በዚያ ፍጻሜ የግብጽን ሁለት ግቦች ያገባው በዳዊ የሚባል ተጫዋች ነው። በውድድሩም ሁሉ እርሱና መንግሥቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ግብ በማግባት እኩል አንደኛ ነበሩ። ብዙ ሽማግሌ ስሙን አያነሣውም። ሐጂን «ወንድምዎ ግብጻዊውንም ይሮጡላችሁ ነበር?» ብላቸው «እንዴታ! በዳዊ ከሌለ መንግሥቱ ማንን ሊያልፍ ነው? እርሱን የሚሮጥልን በግራ በኩል፣ ከዚያ ከበሩ አጠገብ ተነሥቶ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐጂን ወንድም ሳላውቃቸው አምናቸዋለሁ። አገሩን ብቻ የሚወድ ሰው ቢሆኑ ኖሮ በዳዊን ለመሮጥ ባልደከሙ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ፤ እነርሱም እውነት አላቸውና። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ በገባ በመጀመሪያው ዓመት የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም በ23 ግብ የዓመቱ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። ወጣቶቹ ይህን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውታል። ክለቡ በኋላ ከሊጉ ሲወርድ ያለቀሱ አሉ፤ ያ 23 ቍጥር ግን አልወረደም። ሽማግሌው ቍጥርን ሲንቅ የማይወድልኝ ነገር ይህ ነው። ቍጥር ውበት ላልተሰጠው ሰው ጠበቃ ነው። ሲሮጥ እንደ በሬ የሚከብድ፣ ሲወድቅ የሚሣቅበት፣ ነገር ግን በዝናብም በጭቃም ኳሷን ከመረቡ የሚያደርስ ተጫዋች አለ፤ ዓይን ይዘለዋል፤ መዝገብ ግን አይዘለውም። በዓይን ብቻ የሚፈርድ ሰው በሰርግ ቤት ለመልከ መልካሙ ብቻ ሥጋ የሚቆርጥ አሳላፊ ይመስላል።

ስለዚህ ማማር የምንለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በጥቅምትና በኅዳር ወደ ቡና ጥላ ገብታችሁ ለቃሚዎቹን ተመልከቱ። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ሲሆን፣ ቅርንጫፉን ጨብጦ ቀዩንም አረንጓዴውንም ጠርጎ የሚያወርድ ሰው ቅርጫቱ ቶሎ ይሞላለታል። ቀዩን እሸት ብቻ የምትለቅም ሴት ደግሞ አለች። ጣቷ ቅርንጫፉን አይጎትትም፤ ቀዩ ፍሬ ራሱ ወደ እጇ የሚወርድ ይመስላል፤ አረንጓዴው ለሌላ ሳምንት በቦታው ይቆያል፤ ዛፉም አይቆስልም። የዚህች ሴት እጅ ያምራል። ያማረው ግን ለማማር ስለ ደከመች አይደለም፤ የማያስፈልገውን ነገር ስለማታደርግ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በጳጉሜን 5 ቀን በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሲሮጥ የተነሣውን ፊልም ያየ ሰው ይህንኑ ዐይቷል፤ እግሩ ይሠራል እንጂ ከወገቡ በላይ ያለው ሰውነቱ ዝም ብሏል። ተከላካይ ባለበት የሚዞር ተጫዋች እንዲህ ነው። ተከላካይ በሌለበት የሚዞረው ግን ጉረኛ ነው፤ ሕዝብም ለጊዜው ቢያጨበጭብለት ከዓመት በኋላ ማንም ተነሥቶ አይሮጥለትም።

በሚዛን ላይ ግን ያ ጠርጎ ያወረደው ሰው ሴቲቱን ይበልጣታል። ልዩነቱ የሚታወቀው ቡናው ተፈልፍሎ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ በሲኒ ሲቀመስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እርስዋ የለችም።

ስለ እርሻ ካነሣሁ ዘንድ፣ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተከፈተው በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ እርዳታ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው፤ ኮሌጁም የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ ባሪ ሳንደርስ የሚባል ሯጭ ወጣ፤ ታሪኩ ለጥያቄያችን ይረዳልና ልንገራችሁ። የአሜሪካኖች ፉትቦል እንደ እኛ ኳስ አይደለም። ኳሷ እንደ ዕንቍላል ሞላላ ናት፤ ሯጩ በክንዱ ሥር ይይዛታል፤ ከፊቱ ግዙፋን ጓደኞቹ ባላጋራውን እየገፉ በር ይከፍቱለታል፤ እርሱም በዚያ በር ያልፋል። ሳንደርስ ቁመቱ አጭር ነበር። በሩ ሲዘጋበት ቆም ብሎ፣ ወደ ጎን ዞሮ፣ ሊይዙት የዘለሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ባዶ አየር አቅፈው ሲወድቁ እርሱ በሌላ በኩል ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜም ወደ ኋላ ሮጦ ያገኘውን መሬት ያጣ ነበር። ነጥብ ሲያስቈጥር አይጨፍርም፤ ኳሷን ለዳኛው ሰጥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በ1989፣ በዲትሮይት ቡድን በገባበት በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ፣ የዓመቱ ከፍተኛ ሯጭ ለመባል 10 ያርድ፣ ማለት 9 ሜትር ያህል ቀረው። ቡድኑ እያሸነፈ ስለ ነበረ ተመልሰህ ገብተህ ውሰደው ቢባል አልፈልግም አለ። በ1999 ደግሞ የዘመኑን ሁሉ ክብረ ወሰን ለማለፍ 1,457 ያርድ ብቻ ሲቀረው፣ ጤናው ሳይጎድል በ31 ዓመቱ ጨዋታ ተወ። ቡድኑ በእርሱ ዐሥር ዓመት ውስጥ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው ግጥሚያ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቡድኑ በዚያ ዘመን ያገኘው ዋንጫ ስለሌለ የዲትሮይት ሰዎች ሩጫውን ያወራሉ።

ይህን ሰው ግን ያለ ነቀፋ አላቀርበውም። መሄዱን ያስታወቀው የቡድኑ ልምምድ ሊጀመር ሲል ለትውልድ ከተማው ጋዜጣ በላከው ጽሑፍ ነው። ጓደኞቹ ተከፉ፤ ክረምቱን እርሱን ጠብቀው ያሳለፉ ተመልካቾችም አዘኑ። አሯሯጡ ያማረ ሰው ስንብቱ ላያምር ይችላል። አድናቂዎቹ ዛሬ ይህን ክፍል ዘለው የሚያልፉ ከሆነ ደግ አያደርጉም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ያን በር ይከፍቱለት የነበሩት ግዙፋን ሰዎች ማን ማን ነበሩ? የሯጩን ስም ዓለም ሲያውቀው የእነርሱን ከዲትሮይት ውጭ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ጥር 13 ቀን ግብጽ 1 ለ 0 እየመራች ሰዓቱ ከ70 ደቂቃ ሲያልፍ የመጀመሪያዋን የአቻነት ግብ ያገባው ግርማ ተክሌ ነው። ያች ግብ ባትኖር ተጨማሪ ሰዓት የለም፤ ሉቺያኖም ዋንጫ አይቀበልም፤ የሐጂም ወንድም ሲመለሱ በደጃፉ ላይ የሚሮጡት ነገር ባልኖራቸው። ሽማግሌዎቹ ግን ግርማን እምብዛም አያነሡትም። ለመንግሥቱ አንድ ሁለት አዟዟር ቢጨምሩለት በቀላሉ እታገሣቸዋለሁ፤ መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. አርፏልና ጭማሪው እርሱን አያኮራውም። ከግርማ የሚቀንሱትን ግን አልታገሥም። ምስጋና ሲበዛ ማንንም አይጎዳም፤ ባለዕዳው አንዱን አበዳሪ አቅፎ ሌላውን በደጅ አልፎት ሲሄድ ግን ያ ሰው ተበድሏል።

ይህን ሁሉ ያሰብሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአጋሮ አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ። እናቱ በመጋዘን ቡና በመልቀም ታሳድገዋለች። ኳስ ሲጫወት ከሜዳው አጠገብ የሚያልፉ ሰዎች ጭነታቸውን ሳያወርዱ ቆመው ያዩታል። አሠልጣኙ ግን ከቡድኑ አወጣው፤ «ያሳምራል እንጂ አያቀብልም» አለ። ልጁ መጥቶ «ጋሼ፣ ሳላሳምር መጫወት ልልመድ?» ብሎ ጠየቀኝ። አነጋገሩ የቀልድ አልነበረም። በዚያ ሰፈር ለሚያድግ ልጅ ቡድን ውስጥ መቆየት ማለት ጫማና የጉዞ ምሳ ማለት ነው፤ ምናልባትም አንድ ቀን ደመወዝ ነው። አሳምር ብለው እናቱ ትጎዳለች፤ አታሳምር ብለው ደግሞ ያ ቆሞ የሚያየው ተሸካሚ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ የሚያየው ነገር የለም። ሁለቱንም ለማለት አፌ እንቢ አለኝ።

ስለዚህ በማግሥቱ ሐጂን ይዣቸው ወደ ሜዳው ሄድሁ። በርጩማ አመጣንላቸውና ከመስመሩ አጠገብ ተቀመጡ። ልጁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሲጫወት ኳስ ደረሰችው። አንዱን ተከላካይ ዞሮ አለፈ፤ ሁለተኛውንም ዞሮ አለፈ፤ ከዚያ ማንም ሳይኖር አንድ ጊዜ ደግሞ ዞረ፤ በዚህ መካከል የመጀመሪያው ልጅ ደርሶ ኳሷን ነጠቀው። ሐጂ በከዘራቸው ጠርተው አስመጡትና፣

«አንተ ልጅ፣ የመጀመሪያው መዞር ለዚያ ረጅሙ ልጅ ነበር፤ ሁለተኛው ለዚህኛው ነበር። ሦስተኛው ለማን ነበር?» አሉት።

ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኳስ እንደገና ደረሰችው። አንዱን ዞረ፤ ሁለተኛውን እንዴት እንዳለፈው እኔ አልለየሁትም፤ ሐጂ ግን «አላህ!» ብለው ከበርጩማው ተነሡ። ልጁ ቀና ብሎ አየና በግራ በኩል ብቻውን ለቆመ አንድ ቀጭን ልጅ ኳሷን በጸጥታ ላከለት። ቀጭኑ ልጅ መታት፤ ከእንጨቱ በላይ አልፋ ከቡናው ጥላ ውስጥ ገባች። ልጆቹ ሁሉ ጮኹበት፤ እርሱም ራሱን ይዞ ኳሷን ሊያመጣ ሮጠ።

ሐጂ ቆመው እንዳሉ ወደ እኔ ዞረው «ያ በግራ በኩል የነበረው ልጅ ስሙ ማን ይባላል?» አሉኝ። እኔ አላውቀውም ነበር፤ ከቡናው ጥላ እስኪወጣ ጠብቀን ጠየቅነው።